ቴፕ ወይስ ሃርድ ዲስክ? ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ አትግዙ

የኤልቲኦ-8 ካርትሪጅ፣ ማለትም ፋይል የሚቀመጥበት የቴፕ ካሴት፣ ማሸጊያ ላይ 30 ቴራባይት የሚል ታያላችሁ። አጠገቡ ደግሞ 12። የእናንተ 12ቱ ነው። 30 የተባለው ድራይቩ (ካርትሪጁ የሚገባበት መጻፊያና ማንበቢያ መሣሪያ) ፋይሉን በ2.5 እጥፍ መጭመቅ ከቻለ ብቻ ነው። የሒሳብ ዳታቤዝና ጽሑፍ በደንብ ይጨመቃል። የሰርግ ቪዲዮ ግን ካሜራው ራሱ ጨምቆ የቀረጸው ስለሆነ ከዚያ በላይ እሺ አይልም። ሐዋሳ ያለው ስቱዲዮአችን ውስጥ 20 ቴራባይት የሚሆን ሰርግ፣ መልስና ቅልቅል በአንድ ካርትሪጅ ይገባል ብለን ጀምረን 12 ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ሁለተኛው ካርትሪጅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የቀረው ሥራ ያለው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር፤ የሰው ሰርግ ነው፣ አይደገምም፣ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሃርድ ዲስክ በዚህ ይሻላል። 12 ካለ 12 ነው። ዊንዶውስ 10.9 ብሎ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፣ በ1000 ሳይሆን በ1024 ስለሚቆጥር ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ቢትና ባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ነው። ኮምፒውተሮቹን በኔትወርክ የሚያገናኘው ስዊች ላይ 1 ጊጋቢት ከተጻፈ በሰከንድ የሚያልፈው ቢበዛ 125 ሜጋባይት ነው፣ በተግባር ወደ 110። የኤልቲኦ-8 ድራይቭ ደግሞ በሰከንድ እስከ 360 ሜጋባይት ይጽፋል። ስለዚህ በ9 ሰዓት ከሩብ ገደማ የሚሞላው ካርትሪጅ በዚህ ኔትወርክ 30 ሰዓት ይፈጃል፤ በመሃል መብራት አለመሄዱን እናንተ አስቡት። ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ድራይቩ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ይችላል፣ ግን ወሰን አለው። ዳታው ከዚያ በታች ሲንጠባጠብ ቴፑ ይቆማል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ እንደገና ይነሳል። ጆሮ ከሰጣችሁት ይሰማል፦ ዝዝ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ዝዝ። በሙያው ስሙን ያወጡለት ከሊስትሮ ሥራ ነው፣ ብሩሹ ጫማው ላይ ወዲያ ወዲህ እንደሚለው። ቴፑንም፣ ድራይቩ ውስጥ የሚጽፈውንና የሚያነበውን ሄድም ይበላል። መፍትሔው ፋይሉን መጀመሪያ ድራይቩ የተሰካበት ኮምፒውተር ዲስክ ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ ወደ ቴፕ መጻፍ ነው።

ድራይቩ ራሱ ውድ ነው፣ ካርትሪጁ ግን ለያዘው መጠን ርካሽ ነው። አብዛኛው ድራይቭ የሚሰካው በዩኤስቢ ሳይሆን ሳስ (SAS) በሚባል ገመድ ስለሆነ ላፕቶፕ ላይ እሰካዋለሁ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገባ ካርድ ይፈልጋል። ትውልዱንም፣ ከኤልቲኦ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር፣ እዩ። ኤልቲኦ-8 ድራይቭ የ7ን ካርትሪጅ ያነባል፣ የ6ን አያነብም። በረከሰ ዋጋ የሚቀርብላችሁ የ6 ካርትሪጅ ስለዚህ ለእናንተ ምንም አይሠራም።

ያላችሁ ሥራ ከ10 ቴራባይት የማይበልጥ ከሆነ ቴፕ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙና አንዱን ቤት አስቀምጡ። ደንበኛ ተመልሳ አንድ ፎቶ ብትፈልግም ከዲስክ ወዲያው ይወጣል፤ ቴፕ 960 ሜትር ርዝመት ስላለው ቦታው እስኪደርስ መጠበቅ አለ። በየዓመቱ የሚከመር ቪዲዮ ካላችሁ ግን ቴፕ ነው የምመክረው። መደርደሪያ ላይ ያለ ካርትሪጅ መብራት አይፈልግም፣ ቫይረስ አይደርስበትም፣ በአግባቡ ከተያዘም አምራቾቹ እስከ 30 ዓመት ይሉታል። ክረምት ላይ ከእርጥበት ጠብቁት። እኛ አሁን ያላስረከብነውን ሥራ ዲስክ ላይ፣ ያስረከብነውን በሁለት ካርትሪጅ እንይዛለን፤ አንዱ ስቱዲዮ፣ ሌላው እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።