ጂን የተጨመረባት አይጥ ወይስ ጂን የጠፋባት?

የምርምር አይጥ ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ።

አንድ ጂን ሲበዛ ምን ይመጣል ካላችሁ፣ ጂን የተጨመረባት አይጥ ትሻላለች። በ1982 የእድገት ሆርሞን ጂን የገባባቸው አይጦች ከእህት ወንድሞቻቸው እጅግ ገዝፈው ታይተዋል። ችግሩ፣ በመርፌ የገባው ጂን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ጤነኛ ጂን መሃል ገብቶ ሊያበላሽ ይችላል፤ ብዙ ቅጂም ሊደራረብ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ዝርያ፣ ማለትም ጂኑ ከገባባት ከአንዲት አይጥ በተራቡ አይጦች፣ ውጤት ብቻ አትተማመኑ፤ ለየብቻ የተገኙ ቢያንስ ሁለት ዝርያዎችን አወዳድሩ። ይሄን መዝለል በጣም ያናድደኛል፤ የእንስሳቱ ሕይወት በከንቱ ይጠፋል።

ጂኑ ሲጠፋ የሚሆነውን ለማየት ግን የተመረጠውን ጂን ለይቶ ማጥፋት ነው የሚያዋጣው። ሳይንቲስቶቹ ካፔኪ፣ ኢቫንስና ስሚዚስ በ2007 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው። ጂኑ ለፅንስ እድገት የግድ ከሆነ ግን ግልገሏ ሳትወለድ ትሞታለች። ያኔ ጂኑን በአንድ የአካል ክፍል ብቻ የሚያጠፋውን የክሬ-ሎክስ ዘዴ ተጠቀሙ።