ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ኮምፒውተር ያስጠገንኩበት ሦስት ሳምንት

ከቶሮንቶ ድሬዳዋ የምመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ስለ ሆቴሉና ስለ መንገዱ የሚጽፍ ሰው ስለማይጠፋ፣ እኔ ዘንድሮ ከሁሉም በላይ ስለጠቀመኝ አገልግሎት ልጻፍ፤ ስለ ኮምፒውተር ጥገና። ለወንድም ለእህት ልጅ ኮምፒውተር ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ የከፈልኩትን ዋጋ እንዳትከፍሉ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ባለፈው ጉዞዬ ነው። ቶሮንቶ የምሠራበት ቦታ ያስወገደውን ዴስክቶፕ ለወንድሜ ልጅ ብዬ በሻንጣ አመጣሁ። ሳቢያን ባለው ቤታችን ሳሎን፣ ቤተሰቡ ሁሉ ከቦኝ ቆሞ፣ ሶኬቱን ስሰካው ጧ! አለና የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። የካናዳ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ብዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ከኋላ በኩል፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አላቸው። ወደ 230 ሳይገፉት የኛ አገር ሶኬት ላይ መሰካት ማለት ማቃጠል ማለት ነው። እኔ አላየሁትም። የዚያን ቀን የልጅቷን ፊት እስካሁን አልረሳሁትም።

እኔ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ጥገና ቤት ወሰዱት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ነዷል፣ አይሆንላችሁም፤ ለመለዋወጫ እንግዛችሁ» አሏቸው። ወንድሜ እምቢ አለና ይዞት ተመለሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ የእማዬ ሬዲዮ ማስቀመጫ ሆኖ ኖረ።

ዘንድሮ ላፕቶፕ ይዤ መጣሁ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420። ውጭ ሀገር እንዲህ ያለው በርካሽ የሚገኝበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በፊት ያሉትን ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩን አንጎል) በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች ምንም ያልጎደለውን ማሽን ያወጡታል። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል (ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት)፤ የሚያስፈልገው ሁለት ክብ ጥርስ ያለው ገመድ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድም ባትሪው ይይዘዋል። የእኔው ያረጀ ባትሪ ሃያ ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ የጻፉትን አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት ይበቃል።

ሁለቱንም ተሸክመን በባጃጅ ታይዋን ወደሚባለው የድሬ ገበያ ሄድን። ባጃጁ ጥሩ ነበር፣ ልጁ ዴስክቶፑን እስከ ሱቁ በር ድረስ ተሸክሞልናል። ከቀትር በፊት ሂዱ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሙቀቱም በርጫውም አለ፣ ሰው አታገኙም።

ጠጋኙ ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። ስልኩን በሶማሊኛ ያነሳል፣ ጎረቤቱን በኦሮምኛ ይጠራል፣ ለእኔ በአማርኛ ይመልሳል። እናቱ የምሆነውን ሴትዮ «አንቺ» ሲለኝ ቤቴ መግባቴ ተሰማኝ፤ አንቱታ ቶሮንቶ ካሉ አበሾች ጋር ይበቃኛል።

«ማነው ማዘርቦርድ ነው ያለሽ? ቆይ እንየው አቦ» አለና ክዳኑን ፈታው። ፓወር ሰፕላዩን፣ መብራቱን ተቀብሎ ለውስጡ ዕቃ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ከማዘርቦርዱ ነቀለ። የወረቀት መያዣ ሽቦ አጥፎ ከትልቁ መሰኪያ አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር አገናኘና መብራት ሰጠው። ደህና ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ሲደረግ ፋኑ ይዞራል። የኛው ዝም አለ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ከሌላ አሮጌ ማሽን የወጣ ፓወር ሰፕላይ ስቦ ሰካ፤ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ማዘርቦርዱ ደህና ነበር። ወንድሜ ምንም አልተናገረም፣ የልጁን ትከሻ ይዞ ቆመ። ሁለት ዓመት!

በዚህ አላበቃም። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ኢንተርኔት ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አንድም ገጽ አልከፍት አለ። ልጁ ወደ ስክሪኑ ጥግ አመለከተ፤ ቀኑ 2009 እ.ኤ.አ. ይላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ የሰዓት ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ አልቃ ነው። ቀኑ ሲሳሳት የድረ ገጾቹ የደህንነት ማረጋገጫ ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አይከፍትም። ባትሪዋን ቀየረ፣ ቀኑን አስተካከለ፣ ሁሉም ተከፈተ። በዚህች ባትሪ ምክንያት ስንት ኮምፒውተር «ተበላሸ» ተብሎ ተቀምጦ ይሆን?

ከዚያ የድሬን አቧራ በአየር ነፊ አስወጣ። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ አንስቶ እንደ ኖራ የደረቀውን ቅባት ጠረገና አዲስ ቀባ። በዚህ ሙቀት ይህ በየዓመቱ መሠራት አለበት ብሎናል።

ለላፕቶፑ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ዲስክ) በ4,200 ብር፣ ባለ 4 ጊጋ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) በ1,500 ገዛሁ፤ የሁለቱም ማሽን የእጅ ሥራ በጠቅላላ 900 ብር። ዋጋው ቶሎ ይለዋወጣል፣ ጠይቁ፣ ተከራከሩም። ነገር ግን ለአሮጌ ኮምፒውተር የምታወጡት ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። ለመነሣት ከሁለት ደቂቃ በላይ ያስጠብቀን የነበረው ላፕቶፕ አሁን ግማሽ ደቂቃ አይሞላውም።

ዊንዶውስ 10 ልጫን ሲል እምቢ አልኩ፤ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት፣ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ዓይነት አስጫንኩ። በነፃ ነው፣ የደህንነት ማሻሻያም ያገኛል። የአማርኛ መጻፊያውን ሲያስተካክልላት የወንድሜ ልጅ በላቲን ፊደል ነካካች፣ ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። እሷ እስከዚያ ቀን ማውዝ ነክታ አታውቅም ነበር። ይህ ያንገበግበኛል፤ ትምህርቱን እያወቀች መሣሪያው ላይ ልትወድቅ ነው።

ለእሷ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ዊኪፒዲያ ከቶሮንቶ በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። ሙሉው የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ በላይ ነው። ቶሮንቶ እያለሁ ፋይሉ አልገባ ብሎ አንድ ቀን አስፈጅቶኝ ነበር። ይህንን ለጠጋኙ ልጅ ስነግረው ገና ሳልጨርስ «ፋት32 ነዋ፣ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይዝም» አለኝ፤ ፋት32 ፍላሹ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ነው። ፍላሻችሁን ኤክስፋት በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርጉ።

ዴስክቶፑ አሸዋ ሰፈር ወዳለው የወንድሜ ሱቅ ሄደ፤ የዱቤ መዝገቡን ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ላይ ይይዝበታል። ሌላ ሥራ አይሠራበትም፣ አያስፈልግምም።

ከዚራ ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፈጣን ነው። ግን ከሊኑክስ ያመጣነው የአማርኛ ጽሑፍ እነሱ ጋ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ሆነ። ወደ ፒዲኤፍ ቀይረን ስንመለስ እንደነበረ ታተመ። የተኛሁበት ሆቴል ንጹሕ ነው፣ ዋይፋዩ ለኢሜይል ይሆናል።

አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ነበር የሠራው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ እዚያ ግቢ የተሰበረ ብረት ፈትቶ፣ ለክቶ፣ የጎደለውን ራስ ቆርጦ መሥራት የዕለት ሥራ ነበር። ታይዋን ያለው ልጅ ሽቦዋን አጥፎ አረንጓዴውን ገመድ ሲነካ የአባቴን እጅ ነው ያየሁት።

ለመሰናበት ስሄድ ቶሮንቶ ምን ልላክልህ አልኩት። አዲስ ስልክ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። «የምትጥሉት ዲዲአር3 ራም ካለ ሰብስቢና አምጪልኝ፣ የላፕቶፑን» አለኝ፤ እንደ እኔው ያለ አሮጌ ላፕቶፕ የሚወስደው የራም ዓይነት ነው። ከተመለስኩ ወዲህ አሥራ አንድ አግኝቼለታለሁ።