መቀመጥ የማይሆንለትን ውሻዬን እየሮጠ ፎቶ ላነሱልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንዲት ፎቶ አንሺን ከልብ ለማመስገን፣ እንደ እኔ ለአፍታ እንኳ የማይረጋ ውሻ ላላቸው ሰዎችም ለመጠቆም ነው። ውሻዬ መብረቅ ይባላል። ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጥቁር ሲሆን ሣር ከረገጠ በኋላ የሚያቆመው የለም። ከቡችላነቱ ጀምሮ በስልኬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ጥርት ብለው የወጡት ተኝቶ ያነሳኋቸው ብቻ ናቸው፤ በሌሎቹ ላይ የሚታየው የደበዘዘ ጥቁር ነገር ነው። በየቀኑ የማየውን ያንን ደስታውን የሚያሳይ አንድም ፎቶ አልነበረኝም።

ከዚህ በፊት ወደ አንድ ፎቶ ቤት ወስጄው ነበር። እዚያ የተነገረኝ እንዲቀመጥ እንዳደርገው ብቻ ስለነበር፣ ማሰሪያውን አሳጥሬ ይዤ ደጋግሜ ተቆጣሁትና በመጨረሻ ተቀመጠ። ፎቶዎቹ ጥራት አልጎደላቸውም፤ ነገር ግን ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ አፉን ገጥሞ፣ የዓይኑ ነጭ እስኪታይ ድረስ ከካሜራው ፊቱን ያዞረ ውሻ ነበር የሚታይባቸው። አንዱንም አላሳጠብኩም፤ ስለዚያ ቀን አሁንም ይቆጨኛል።

አሁን የማመሰግናቸው ባለሙያ ገና ከቀጠሮው በፊት ደውለው ብዙ ጠየቁኝ። ሲጠሩት ይመጣል ወይ? ምን ያስፈራዋል? ከሌሎች ውሾች ጋር እንዴት ነው? የሚያመው እግር ወይም ወገብ አለው? ከዚያም ዙሪያው የታጠረ ሜዳ መርጠው በማለዳ እንድንገናኝ ቀጠሩን። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ብርሃኑ ለስላሳ ይሆናል፤ ይበልጥ ያሳሰባቸው ግን ሙቀቱ ነበር። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚቀንሰው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ፣ በቀትር ፀሐይ የሚሮጥ ውሻ ለጤናውም ያሰጋል፣ ምላሱም ተንጠልጥሎ ፊቱን ይለውጠዋል።

የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች አንድም ፎቶ አላነሱም። ሣሩ ላይ ተቀምጠው ካሜራውን አጠገባቸው አስቀመጡትና መብረቅ መጥቶ እንዲያሸተው ተውት። ትልቅ ሌንስ ለውሻ አፍጥጦ እንደሚያይ ዓይን ሊሆንበት እንደሚችል፣ ማፍጠጥም በውሾች ዘንድ ማስፈራሪያ እንደሆነ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። አሽትቶ፣ ንቆት ሲሄድ፣ ያኔ በሆዳቸው ተኝተው ሥራ ጀመሩ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ውሻ ጭንቅላቱ ገዝፎ እግሩ ያጥራል፤ ከዓይኑ ትይዩ ሲነሳ ግን የሚታየው በራሱ ዓለም ውስጥ ነው።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያብራሩልኝ በቁጥር ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ውሻ፣ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ፣ ለ1/125 ሰከንድ ሲከፈት 8 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ ምስሉ የሚደበዝዘውም በዚህ ነው። እርሳቸው ወደ 1/2000 ሰከንድ ስላሳጠሩት በዚያች ቅጽበት የሚጓዘው ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ሆነ። ከሁሉም የሚያስቸግረው ውሻው በቀጥታ ወደ ካሜራው ሲሮጥ ነው፤ ርቀቱ በየቅጽበቱ ስለሚለወጥ ፎከሱ ያለ ማቋረጥ ሊከተለው ይገባል። ለዚህም ልጄ መብረቅን ከሜዳው ጫፍ ይዛ እንድትቆም፣ እኔ ደግሞ ከእርሳቸው ጀርባ ቆሜ እንድጠራው አደረጉ። እርሱ ወደ እኔ ይሮጣል፤ ፎቶው ላይ ግን ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ይመስላል። ካሜራው በተከታታይ ካነሳቸው ምስሎች መካከል አራቱም እግሮቹ ከሆዱ ሥር ተሰብስበው አየር ላይ ያለባትን አንዷን መረጡ። ውሻዬ በዚያ ፍጥነት ሲሮጥ መሬቱን ጨርሶ የሚለቅበት ጊዜ እንዳለ ያየሁት በዚያች ፎቶ ነው።

ጥቁር ውሻ ያላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ካሜራ በራሱ ሲተው ጥቁሩን ፀጉር የብርሃን እጥረት አድርጎ ይቆጥረውና ምስሉን አብርቶ ግራጫ ያደርገዋል። ባለሙያዋ የብርሃኑን መጠን በእጃቸው እየቀነሱ፣ ብርሃኑም ከጎን እንዲመታው ቦታ እየቀየሩ ስላነሱት ፀጉሩ ጥቁረቱን ሳያጣ አብረቅርቋል፤ ዓይኑ ውስጥም ሰማዩ ይታያል። ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። ይዤው የሄድኩት ኳስ ቀይ ነበር፤ ውሾች ግን ሰማያዊንና ቢጫን ለይተው ሲያዩ ቀይን ከአረንጓዴ ለመለየት ይቸገራሉ። ከቦርሳቸው ሰማያዊ ኳስ አውጥተው ሲወረውሩለት፣ ሣሩን በአፍንጫው ማሰስ ትቶ ኳሱን በዓይኑ ተከትሎ ሲበር አየሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀይ ኳስ ስገዛለት ነበር።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን ሥራውን ባቆሙበት ሁኔታ ነው። መብረቅ ሲያዛጋና ከንፈሩን ሲልስ እኔ የደከመው መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ይህ ውሻ ሲጨነቅ የሚያሳየው ምልክት ሊሆን እንደሚችል ነግረውኝ ወዲያው ካሜራውን አስቀመጡ። ውሃ ጠጥቶ፣ ጥላ ሥር አርፎ፣ እንደገና ሲያዛጋ ግን የከፈልኩበት ሰዓት ገና ሳያልቅ በቃ አሉ። የቀረውን ጊዜም ሌላ ቀን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ጨረሱልኝ።

ፎቶዎቹ ሦስት ሳምንት ወስደዋል፤ ለሚቸኩል ሰው ይህ ረጅም ነው። እኔ ግን መጠበቄን አልጠላሁትም፤ ምክንያቱም በጆሮው ላይ ያለውን ጠባሳ እንዳለ ይተዉት ወይስ ያጥፉት ብለው ሳይጠይቁኝ አልነኩትም። ተዉት አልኩ፤ ተዉትም።

ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ የምትፈልጉ በግል መልእክት ጠይቁኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ውሻችሁ የሚወደውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠባዩንም ሳትደብቁ ንገሯቸው። እኔ መብረቅ እንደማይታዘዝ እያፈርኩ ስነግራቸው የመለሱልኝ፣ እንዲታዘዝ ሳይሆን እንዲጫወት እንደሚፈልጉት ነበር። ስለዚህ መልሳቸው፣ አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ጆሮዎቹን አቁሞ ወደ እኛ ለሚሮጠው ውሻም፣ እኔና ልጄ ከልብ እናመሰግናቸዋለን።