የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፦ ማፍሰስ፣ ገንዳ ማውረድ ወይስ በማሽን ማስቀየር?

ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይት ይቀይራል። የፍሬን ሸራ ያያል፣ ጎማ ያስፈትሻል። የካምቢዮ ዘይት ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ማርሹ ሲዘገይ ወይም ሲመታ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዘይት መቀየር ብቻውን ላያድነው ይችላል። እባካችሁ እዚያ ሳይደርስ አስቡበት።

ጋራዥ ስትሄዱ ሦስት ዓይነት ሥራ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ልዩነታቸው ዋጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምሳሌዬ በየመንገዱ የምናየው ባለ 4 ማርሹ አውቶማቲክ ኮሮላ ይሁን። ካምቢዮው በጠቅላላው 7 ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። በመጀመሪያው ሥራ፣ በማፍሰስና በመሙላት፣ የታችኛው ቡሎን ሲፈታ የሚወጣው ግን 3 ሊትር ያህል ነው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል)፣ ቱቦዎቹና ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ «የካምቢዮ ዘይት ቀየርንልህ» ተብሎ የወጣ ሰው ከግማሽ በላይ አሮጌ ዘይት ይዞ ነው የወጣው።

ይህ ማለት ማፍሰስና መሙላት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ብቻ መደጋገም አለበት። አንድ ጊዜ ስታደርጉት 43 በመቶው ያህል አዲስ ይሆናል። ሁለተኛው ላይ ወደ 67፣ ሦስተኛው ላይ ወደ 80 በመቶ ይደርሳል። በየሞተር ዘይት ቅያሪው አብራችሁ ካስደረጋችሁት ወጪውም ይከፋፈልላችኋል። ካምቢዮውም ለውጡን ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

ሁለተኛው የካምቢዮውን የታች ገንዳ አውርዶ ማጽዳትና ፊልተሩን መቀየር ነው። የሚወጣው ዘይት ከመጀመሪያው ብዙም አይበልጥም፤ ጓርኒሲዮንና ፊልተር ስለሚጨመር ግን ይወደዳል። ታዲያ ለምን ይከፈላል? ገንዳው ብዙ ነገር ስለሚናገር ነው። ውስጡ ማግኔቶች አሉ። እነሱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ቢለጠፍ አትደንግጡ፣ የተለመደ መፋቅ ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካለ ግን ውስጡ የሆነ ነገር እየተበላ ነው። ጥቁር ቅሪት የተቃጠለ ሽታ ካለው ደግሞ የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ ተጎድተዋል። መኪናውን ገና ለገዛ ሰው ይህ ከየትኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል። ስለዚህ ታሪኩን ለማታውቁት መኪና የመጀመሪያውን ጊዜ በዚህ ጀምሩ፣ ገንዳው ሲወርድም ቆማችሁ እዩ። ብዙዎቹ ሆንዳዎች ላይ ግን እንዲህ የሚወርድ ገንዳ የለም። እዚያ ያለው ምርጫ ደጋግሞ ማፍሰስ ነው።

ሦስተኛው ማሽን ነው። ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደው ቱቦ ላይ ይገጠምና አሮጌው ሲወጣ አዲሱ ይገባል። ሁሉንም ማለት ይቻላል በአንድ ቀን ይቀይራል፤ ግን 10 ሊትርና ከዚያ በላይ ዘይት ሊፈጅ ይችላል። ገንዳው ካልወረደ ፊልተሩ እንደቆሸሸ ይቀራል። በየጊዜው ሲቀየርለት ለኖረ መኪና ጥሩ ነው። ለዓመታት ተነክቶ ለማያውቅ ግን አልመክርም። የተቀመጠ ቆሻሻ በአንዴ ተነቅሎ ቀጫጭኖቹን የዘይት መተላለፊያዎች ሊዘጋ ይችላል። ማሽኑን ከመረጣችሁም፣ ውስጡ የቀረ ዘይት ከእናንተው ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከእኔ በፊት የነበረው መኪና ምን ዘይት ነበር የተሞላለት?

ከአሠራሩ ይልቅ ግን እኔን የሚያስጨንቀኝ የዘይቱ ዓይነት ነው። ጎረቤቴ ቪትዝ አለው። አንድ ጋራዥ «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ብለው ተራውን የአውቶማቲክ ዘይት ሞሉለት። መኪናው ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ ካምቢዮ) መሆኑን ማንም አልጠየቀም። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳገት ላይ መጮህ ጀመረ። ሲቪቲ ውስጥ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ተጨብጦ ነው የሚሠራው። ዘይቱ ያንን ጭብጥ መጠበቅ አለበት። የተሳሳተ ዘይት ሲገባ ቀበቶው ይንሸራተትና ብረት ብረትን ይበላል። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ አንድ ጥያቄ ያድነው ነበር።

ተራው አውቶማቲክ ላይም ልዩነት አለ። ደብሊው ኤስ የሚባለው የቶዮታ ካምቢዮ ዘይት ከቀድሞው ቲ ፎር ዘይት ይቀጥናል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የትኛው እንደሚሆን ብዙ ጊዜ የካምቢዮ ዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ፣ ዘንግ ከሌለው ደግሞ የመሙያው ቡሎን ላይ ተጽፏል። «ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚሉ ዘይቶችም አሉ። ከታወቀ አምራች ከሆኑና የእናንተ ዘይት ስም ጀርባው ላይ ከተዘረዘረ ይሠራሉ። ለሲቪቲ ግን የራሱን ብቻ ግዙ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ የክዳኑን ማሸጊያ ሳታዩ አትክፈሉ።

በስንት ኪሎ ሜትር? አንዳንድ አምራቾች «ዕድሜ ልክ» ይላሉ። ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል። በአዲስ አበባ ጭንቅንቅ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ፣ ወይም ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ለሚወጣ መኪና እኔ 40,000 ላይ አስቀይራለሁ። ዘይትን የሚገድለው ሙቀት ነው።

የመጨረሻው ነገር ልኩ ነው። ዘንግ ያለው ቶዮታ ካምቢዮው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ሁሉም ላይ ተዘዋውሮ ፒ ላይ ሲመለስ ይለካል። ሆንዳ ግን ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው። ዘንግ የሌላቸው ቶዮታዎች ዘይቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ በትርፍ መውጫው ቡሎን ይለካሉ። ጋራዡ ሙቀቱን የሚያነብበት መሣሪያ ከሌለው ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። የትም ብትሆኑ የወጣው ዘይት በመለኪያ እንዲቀመጥላችሁ ጠይቁ፤ ከገባው ጋር አስተያዩት።