ደረጃው አልወረደም፣ ጎብኚው ግን የለም፦ የትኛው መከታተያ ይሻላል?

አንድ አስጎብኚ ድርጅት እንውሰድ። ውጭ አገር ያለ ሰው በእንግሊዝኛ "ጥምቀት መቼ ነው?" ብሎ ጎግልን ሲጠይቅ የድርጅቱ ገጽ አንደኛ ይወጣል። አምናም አንደኛ፣ ዘንድሮም አንደኛ። ገጹን የሚከፍተው ሰው ግን ቀንሷል። ምክንያቱ ከአንደኛው በላይ ተቀምጧል። ጎግል ራሱ በኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) በሚያዘጋጀው ማጠቃለያው "ጃንዋሪ 19" ብሎ መልሱን ጨርሶታል። ጠያቂው አነበበ፣ ሄደ።

ጎግል ይህን ማጠቃለያ አሜሪካ ላይ በስፋት የከፈተው በሜይ 2024 ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በማርች 2025 የተደረጉ ፍለጋዎችን አይቶ ነበር። ማጠቃለያ ሲኖር ሰዎች ከተራው ውጤት አንዱን የተጫኑት 8 በመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ሳይኖር 15 በመቶ። ማጠቃለያው ውስጥ ያለውን ሊንክማ የነካው 1 በመቶ ነው። ስለዚህ "ስንተኛ ነኝ?" የሚለውን ብቻ የሚመልስ የደረጃ መከታተያ መሣሪያ ዛሬ ብዙም አይጠቅምም። ቁልፍ ቃሌ (ሰዎች እኔን የሚፈልጉበት ቃል) ላይ ማጠቃለያ ይወጣል ወይ? ከወጣስ እኔ ተጠቅሻለሁ ወይ? ገንዘብ የሚከፈለው ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው።

ከነጻው እንጀምር። የጎግል ሰርች ኮንሶል፣ ማለትም ድረ ገጻችሁ በጎግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳያችሁ መሣሪያ፣ የ16 ወር መረጃ ይይዛል። ትክክለኛ የክሊክ ቁጥር ያለውም እሱ ጋ ነው። ችግሩ ከማጠቃለያው የመጣውን ክሊክ ከተራው ጋር ቀላቅሎ ነው የሚያሳየው። ለብቻው የሚለይ ማጣሪያ የለውም። ደግሞ ማጠቃለያው ውስጥ ያሉ ሊንኮች ሁሉ እንደ አንድ ቦታ ስለሚቆጠሩ "አማካይ ደረጃ" የሚለው ቁጥር ያሞኛል። ቢሆንም ዘዴ አለው። አገሩን አሜሪካ ብላችሁ ለዩ፣ ሁለት ተመሳሳይ ወራት አወዳድሩ። ደረጃውና ኢምፕሬሽኑ (ገጹ በፍለጋ ውጤት ላይ የታየበት ብዛት) እንዳለ ሆኖ ክሊኩ ብቻ ከወደቀ ማጠቃለያውን ጠርጥሩ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። በሴፕቴምበር 2025 ጎግል 100 ውጤት በአንድ ገጽ ማሳየት አቆመ። በዚህ የተነሳ የብዙ ድረ ገጾች ኢምፕሬሽን ድንገት ወረደ፣ አማካይ ደረጃቸውም የተሻሻለ መሰለ። የጠፋው በአብዛኛው ደረጃ የሚከታተሉ ሮቦቶች የሚፈጥሩት ቁጥር እንደነበር ይታመናል። ያን ወር አቋርጦ ማወዳደር ራስን ማታለል ነው።

ጥርጣሬውን በእጅ ማረጋገጥም ይቻላል፤ ቃሉን ጎግል ላይ ጽፎ ማየት። ለ20 ቃል ይሠራል። ግን አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የምታዩት ገጽ ዋሽንግተን ያለው ሰው ከሚያየው ጋር ላይገጥም ይችላል። ማጠቃለያውም ጠዋት ወጥቶ ማታ ሊጠፋ ይችላል።

የሚከፈልባቸው መከታተያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። ከተማ መርጣችሁ ከዚያ ሆኖ የሚታየውን ይመዘግቡላችኋል። ሴምረሽ በ2025 መነሻ ጥቅሉ በወር 139.95 ዶላር ነበር፤ የአህረፍስ ርካሽ ጥቅል፣ ላይት፣ ደግሞ 129። ሁለቱም ማጠቃለያ የሚወጣባቸውን ቃላትና እናንተ የተጠቀሳችሁባቸውን ለይተው ያሳያሉ። ለዚህ ሥራ እኔ ወደ ሴምረሽ አደላለሁ። ደረጃውን በየቀኑ ያድሳል፤ አህረፍስ ላይት ግን ተጨማሪ ካልከፈላችሁ በሳምንት አንዴ ነው። ተለዋዋጭ ነገር እየተከታተላችሁ ሳምንት መጠበቅ አያዋጣም። ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እናንተ የሚመጣ ሊንክ ማጥናት ዋና ሥራችሁ ከሆነ ግን አህረፍስን ምረጡ፣ እዚያ ላይ ጠንካራ ነው። ኤስኢ ራንኪንግ የተባለው ሌላ መከታተያ በ2025 ከሁለቱም ይረክስ ነበር። የሁለት ሦስት ደንበኛ ሥራ ለያዘ ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው።

አንድ ድረ ገጽ ብቻ ካላችሁ? ሰርች ኮንሶልና አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃችኋል። በተለይ ከኢትዮጵያ ሆናችሁ በዶላር የሚከፍል ካርድ ፍለጋ ለምትንከራተቱ። የግድ መግዛት ካለባችሁ የዓመቱን ቅናሽ አይታችሁ አትጓጉ። የአንድ ወር ክፈሉ፣ ማጠቃለያ የሚወጣባቸውን ቃላት ዝርዝር አውርዳችሁ ያዙ፣ ከዚያ ወስኑ። ሻጩ "ከማጠቃለያው ስንት ክሊክ እንዳገኛችሁ በትክክል እነግራችኋለሁ" ካላችሁ ደግሞ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ጎግል ለብቻው ለይቶ አይሰጥምና ግምት ነው የሚሸጥላችሁ።