ለዳረን ዎከር ያለኝ ምስጋና፣ ለቦርድ አባላትም አንድ ጥቆማ

ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ዳረን ዎከር ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ የሚሰጠውን የአሜሪካውን ፎርድ ፋውንዴሽን ለ12 ዓመት መርተው በ2025 መጨረሻ ለቀቁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአካል አላውቃቸውም። ግን በበጎ አድራጎት ሥራ ውስጥ ብዙ ስለቆየሁ ያደረጉት ነገር ይገባኛል።

ለምን እንደሚገባኝ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ የምሠራበት ድርጅት የአንድ ዓመት ገንዘብ አገኘ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በኋላ ግን ገንዘቡ ለሥልጠና ብቻ ነው ተባልን። ለቤት ኪራይ አይሆንም፤ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ደሞዝም አይሆንም። ሥልጠናውን ሰጠን፣ ሪፖርቱን ጻፍን፣ ቢሮው ተዘጋ። ሠልጣኞቹ ተመልሰው ሲመጡ በሩ ተቆልፎ ነበር። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዎከር በ2016 ያስጀመሩት ቢልድ የተባለው ፕሮግራም የነካው ይህንኑ ቁስል ነው። 1 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ ወደ 300 ለሚጠጉ ድርጅቶች የ5 ዓመት ድጋፍ ተሰጠ። ገንዘቡ ከአንድ ፕሮጀክት ጋር ብቻ የታሰረ አልነበረም። ለደሞዝ፣ ለሒሳብ አያያዝ፣ ድርጅቱን ራሱን ለማጠናከር ይውላል። ለጋሽ እንዲህ ሲያምን ማየት ለእኛ ብርቅ ነው።

ሰውየው ከየት እንደመጡ ሳስብ ብዙም አይገርመኝም። የተወለዱት በ1959 በሉዊዚያና፣ በድሆች ሆስፒታል ነው። ቴክሳስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ እናታቸው ብቻቸውን አሳደጓቸው። በ1965 አንዲት ሴት ደጃቸው ድረስ መጥታ መንግሥት ለድሃ ሕፃናት ስለከፈተው ሄድ ስታርት ስለተባለ ትምህርት ለእናታቸው ነገረቻቸው። ልጁ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በኋላ ሕግ ተማሩ፣ ባንክ ውስጥ ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ያዙ። ያንን ትተው ኒውዮርክ ውስጥ ወዳለው ሃርለም ሰፈር ገቡና በአቢሲኒያን የልማት ድርጅት መሥራት ጀመሩ። አዎ፣ ስሙ ከእኛው የድሮ ስም ነው፤ ድርጅቱን ያቋቋመችው በ1808 የተመሠረተችው የአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን ናት። ቀጥሎ ሮክፌለር ፋውንዴሽን፣ ከዚያም ፎርድ።

ከሁሉ በላይ የማከብርላቸው ግን አንድ ስህተት የተቀበሉበትን መንገድ ነው። በ2015 ፋውንዴሽኑ ኢፍትሐዊነትን በሁሉም መልኩ እንደሚታገል ሲያስታውቅ አካል ጉዳተኞች ተረስተው ነበር። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ፊት ለፊት ነገሯቸው። ዎከር አላድበሰበሱም። በ2016 ጥፋቱን በራሳቸው ስም ጽፈው አመኑ፤ ጉዳዩም የፋውንዴሽኑ ሥራ አካል ሆነ። እንዲህ ያለ መሪ ስንት አይታችኋል?

በ2020 ወረርሽኙ ብዙ ድርጅቶችን ሲያንገዳግድም ፋውንዴሽኑ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ ተበደረ፤ ድጋፉንም ጨመረ።

አሁን ወደ ጥቆማዬ። የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ የዎከርን አለቃቀቅ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። እንደሚለቁ ያስታወቁት በሐምሌ 2024 ነው፤ ሊወጡ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሲቀራቸው። ቦርዱ ተረጋግቶ ሰው ፈለገ። የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ሄዘር ገርከን በ2025 ተመርጠው በዚያው ዓመት ኅዳር ሥራ ጀመሩ። እኛ ዘንድ መሪን "መቼ ነው የምትለቀው?" ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። መሥራቹ ድንገት ሲታመም ወይም ሲሄድ ቁልፉ እንኳን የት እንዳለ የማይታወቅበት ቢሮ አይቻለሁ። እባካችሁ ጥያቄውን አሁኑኑ፣ ሰውየው ጤነኛ ሆኖ ሥራውም ደህና እያለ አንሡት። ገንዘብ የምትሰጡ ደግሞ ቢልድ እንዴት እንደተሠራ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ዎከር ሆይ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን ደሞዝ ስላሰቡላት ከልብ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።