«ከዲሽ የሚቀዳ ኮምፒውተር» ጎንደር ውስጥ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ባለፈው ጥር የደረሰብኝ ነገር በሌላ ሰው እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ «ዲሽ ያሳያል፣ ይቀዳል» ተብዬ ያገለገለ ኮምፒውተር በ34,000 ብር ገዛሁ። ቤቴ ወስጄ ከዲሼ ጋር ሳገናኘው አንድም የኢትዮጵያ ጣቢያ አላሳየኝም። ተበላሽቶ ቢሆን ባሠራሁት ነበር። ዕቃው ግን ከመጀመሪያውም እኛ የምናያቸውን ጣቢያዎች መያዝ የማይችል ነው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ዓይኔ እያየ ሠርቷል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የገዛሁት ለእናቴ ስል ነው። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት መውረድ አቁማለች፤ ከተራንም ጥምቀትንም የምትከታተለው ማራኪ ካለው ቤታችን ሆና በቴሌቪዥን ነው። ቀጥታ ስርጭት ደግሞ ሰው አይጠብቅም። መብራት ከጠፋ ወይም መድኃኒቷ እንቅልፍ ካመጣባት አለፈ ማለት ነው። ቀድቼ ባስቀምጥላትና ዓመቱን ሙሉ ስትፈልግ ብታየው ብዬ አሰብኩ። ታቦታቱ ሲወርዱ ያለውን ዝማሬ ደጋግማ መስማት ትወዳለች።

ጥር 7 ቀን ሱቁ ሄድኩ። ሻጩ ሪሞቱን አንስቶ አንድ የአረብ ጣቢያ ከፈተ፣ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድቶ መልሶ አጫወተልኝ። ምስሉ ጥሩ ነበር። «ዲሽ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይቀዳል ወንድሜ፣ አታስብ» አለኝ። የኢትዮጵያ ጣቢያዎችንም ይይዛል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «እሱማ ምን ጥያቄ አለው!» አለ። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ና» አለኝና እሺ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ዲሽ ሠራተኛ ጠራሁ። ገመዱን ከሪሲቨሩ ነቅሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፣ ስካን አደረገ፣ ዜሮ። እንደገና አደረገ፣ ዜሮ። ገመዱን ወደ ሪሲቨሩ ሲመልሰው ጣቢያዎቹ በሙሉ መጡ፣ ሲግናሉም ከ80 በላይ ነው። «ጋሼ፣ ዲሹ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው» አለኝ። ለሻጩ ስደውል ደግሞ «ኤልኤንቢው አርጅቷል፣ ገመዱም አይረባም» አለ። ኤልኤንቢ ማለት ዲሹ ፊት ለፊት የምትሰቀለው ሲግናል ተቀባይ ናት። ሠራተኛው እውነቱን ነግሮኝ ሳለ ያመንኩት ሻጩን ነው፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። አዲስ ኤልኤንቢና 20 ሜትር ገመድ ገዛሁ። ያው ዜሮ።

ጥር 9 ቀን ሻጩ ሌላ ምክር አመጣ። «ዲሹን ወደ ናይልሳት አዙሩት፣ ሁሉም እዚያ አለ» አለኝ። ሠራተኛው ደስ ባይለውም አዞረው። እውነትም ኮምፒውተሩ የአረብ ጣቢያዎችን ደረደረ። የኢትዮጵያዎቹ ግን ከሪሲቨሩም ጠፉ፣ እናቴ የምትከታተለው ጣቢያም አብሮ ሄደ። መሽቶ ነበርና ነገ ይመለሳል ብለን ተለያየን። በነጋታው ከተራ ነው፤ ሠራተኛው ስልኩን አላነሳም፣ በበዓል ቀንም ሰው ጣራ ላይ ውጣ አይባልም። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ የጠቆረ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። የጎረቤታችን ልጅ ሁኔታውን ስትሰማ የራሳቸውን መስኮት ከፍታ የቴሌቪዥናቸውን ድምፅ ከፍ አደረገችላት። በዚህ መልክ ከተራን በጆሮዋ አሳለፈች። «ልጄ፣ ሰማሁ እኮ፣ ይበቃኛል» ነው ያለችኝ። ለእኔ ግን አልበቃኝም፤ ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

ነገሩ ምን እንደሆነ የገባኝ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን፣ የዲሹ ገመድ የሚሰካበትን መቀበያ ካርድ አውጥቼ ሞዴሉን ካነበብኩ በኋላ ነው። የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚላክበት መንገድ ሁለት ትውልድ አለው። የቀድሞው ዲቪቢ-ኤስ ይባላል፣ በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመጣ ነው። ሁለተኛው ዲቪቢ-ኤስ2 በፈረንጆቹ 2005 የጸደቀ ሲሆን በዚያው የሞገድ ስፋት ብዙ መረጃ ያሳልፋል፤ ጥራታቸው ከፍ ያሉት ኤችዲ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚላኩት በዚህ ነው። የኤስ2 ካርድ የድሮውንም ያነባል። የድሮው ካርድ ግን ኤስ2ን ፈጽሞ አያነብም። ሥራው ያለው ካርዱ ላይ በተበየደችው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ ሶፍትዌር ቢቀየርለት፣ ዊንዶውስ ቢጫንለት፣ ገመድ ቢለወጥለት ምንም አይመጣም። የእኔ ካርድ የመጀመሪያው ትውልድ ነው።

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢትዮሳት ወደምንለው ተዛውረዋል። ኢትዮሳት የራሱ ሳተላይት አይደለም፤ የሉክሰምበርጉ ኤስኢኤስ ኩባንያ ንብረት በሆነው ኤንኤስኤስ-12 ላይ የተከራየ አገልግሎት ነው፤ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፣ የሚላከውም በኤስ2 ነው። ናይልሳት የሚገኘው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ሲሆን እዚያ ዛሬም በድሮው መንገድ የሚላኩ ብዙ የአረብ ጣቢያዎች አሉ። ሱቅ ውስጥ ያየሁት እነሱን ነበር። ሻጩ ያሳየኝ ነገር አልተቀነባበረም፣ በትክክል እየሠራ ነበር፤ የሠራው ግን እኔ ለማላየው ሳተላይት ነው።

ይህን ደግሞ ቀና ብዬ ባይ ኖሮ ከሱቁ በር ላይ ሆኜ አውቀው ነበር። ከጎንደር ስትነሱ ኢትዮሳት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ ከፍ ብሎም ይታያል፤ ሳህኑ ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና ያደርጋል። ናይልሳት ግን ወደ ምዕራብ ነው፣ ዝቅም ይላል። የሱቁ ዲሽ ፊቱን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ አዙሮ ነበር፣ የእኔ ተቃራኒውን። ልትገዙ ስትሄዱ የሱቁን ጣራ እዩ። ከዚያ «57 ዲግሪ ላይ ስካን አድርገህ አሳየኝ» በሉ። ዲሼ ወደዚያ አልዞረም ካለ ኮምፒውተሩን ቤታችሁ ድረስ አምጥቶ በራሳችሁ ዲሽ ያሳያችሁ፣ ካልሆነ ብር አትስጡ።

ካርዱ ኤስ2 ቢሆን እንኳ ሌላ ችግር ነበረበት። ቱነሩ፣ ማለትም ካርዱ ላይ ጣቢያ የሚይዘው ክፍል፣ አንድ ብቻ ነው። «እያያችሁ ሌላ ጣቢያ ትቀዳላችሁ» የሚለው አባባል በአንድ ቱነር ግማሽ እውነት ነው። አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብዙ ጣቢያዎች አብረው ይጫናሉ፣ ቱነር ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይይዛል። የምታዩትና የምትቀዱት እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆኑ ሁለቱም፣ ሦስቱም አብረው ይቀዳሉ። ፍሪኩዌንሲው ከተለያየ ግን አይሆንም፤ ሁለት ቱነርና ከኤልኤንቢው የሚመጣ ሁለት ገመድ ያስፈልጋል። አንዱን ገመድ በርካሽ ማከፋፈያ ለሪሲቨርም ለኮምፒውተርም አካፍሉ የሚላችሁን አትስሙ። ኤልኤንቢው ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል የሚባለውን የሞገድ አቅጣጫ የሚመርጠው ከመሣሪያው በሚመጣለት 13 ወይም 18 ቮልት ነው፤ ሁለት መሣሪያ የተለያየ ሲያዙት አንደኛው ይጨልምበታል። ባለሁለት መውጫ ኤልኤንቢ ውሰዱ፣ ዋጋውም ያን ያህል አይርቅም።

ሻጩ «የአንድ ዓመት ሰርቨር በነፃ» ብሎኝም ነበር። ሰርቨር የሚሉት ሌላ ቦታ የተቀመጠ የአንድ ሰው የደንበኝነት ካርድ የሚያወጣውን ቁልፍ በኢንተርኔት እየተቀበለ የክፍያ ጣቢያዎችን የሚከፍት ሕገወጥ መንገድ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይቆማል፣ ባለቤቱ ሲዘጋውም ይቆማል። የእኔ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ለዚህ ተብሎ አንድ ብር እንኳ መጨመር የለበትም።

ሃርድ ዲስኩን እባካችሁ ሳታዩ አትውሰዱ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። የእኔ ከ41,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል፣ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሳይጠፋ እንደማለት ነው። ቀረጻ ቀንም ሌሊትም የሚጽፍ ሥራ ስለሆነ እንዲህ ያለ ዲስክ የልጅ ሠርግ ወይም የእናት ጥምቀት የሚታመንበት አይደለም። ስለ መጠኑ ደግሞ፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚላክ ኤችዲ ጣቢያ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 1 ቴራ ዲስክ ወደ 270 ሰዓት ይይዛል። ዊንዶውሱም 7 ነበር፣ ለዚያ አሮጌ ካርድ ለአዲሱ ዊንዶውስ የሚሆን ድራይቨር ስላልተገኘለት ነው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አይሰጠውም።

አሁንም ቢሆን ሐሳቡ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለብዙ ቤት ግን ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ የሚቀበል ተራ ኤችዲ ሪሲቨር ይበቃል፤ ዋጋውም ከኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም። ኮምፒውተር ያለው ሰው ዲቪቢ-ኤስ2 የሚል በግልጽ የተጻፈበት ዩኤስቢ ቱነር ገዝቶ ኮዲ የሚባለውን ማጫወቻና ሊነክስ ላይ የሚሠራውን ቲቪሄድኤንድ የሚባል መቅጃ መጫን ይችላል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ቀረጻችሁ በቲኤስ ፋይል መሆኑን አረጋግጡ። መብራት በመሀል ቢጠፋ እስከዚያ ድረስ የተቀዳው ይታያል፣ ኤምፒ4 ከሆነ ግን ሳይዘጋ የቀረ ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም። እኛ ከተማ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥም መብራት ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን አብሩት።

ጥር 14 ቀን ዕቃውን ተሸክሜ ተመለስኩ። ሻጩ «ስትወስደው ይሠራ ነበር» አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፣ ነጋዴውም ደረሰኝ መስጠት አለበት። እኔ እጄ ላይ ወረቀት አልነበረም። «ነገ ና» ሲለኝ ብሩን ይዤ በነጋታው መምጣት ነበረብኝ። ደረሰኙ ላይ ደግሞ «ኮምፒውተር» ብቻ እንዳይጻፍ፤ «ዲቪቢ-ኤስ2 ቱነር ያለው፣ ኢትዮሳት የሚይዝ» ተብሎ ይጻፍላችሁ። ያን ጽፎ የማይፈርም ሻጭ የሚሸጠውን ያውቃል።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ በ15,000 ብር መልሶ ወሰደው። ከኤልኤንቢው፣ ከገመዱና ከሠራተኛው ክፍያ 4,300 ብር ጋር 23,300 ብር ከሰርኩ። ዲሹ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ እናቴም ጣቢያዋን ታያለች።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በር ሳልፍ ያው ኮምፒውተር መስታወቱ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ጎኑ ላይ እኔው ስሸከመው በር የጫረው ነጭ መስመር አለ። ስክሪኑ ላይ የአረብ ጣቢያ እየታየ ነበር።